ስንት ሲኒ?

ኅዳር ላይ ሌሞ ስንዴ ስንዴ ይሸታል። ከሆሳዕና ወጣ እንዳሉ ዳገቱም ቁልቁለቱም በነዶ ይሞላል፤ በየደጁ የቆመው ክምር ከቤቱ ይበልጣል፤ ሁሉም ቢጫ ሲሆን የጓሮው እንሰት ብቻ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ይቀራል። የእኔ የልጅነት ኅዳር ግን ሁለት ሽታ ነበረው። አንደኛው ከአውድማ ገብቶ በጆንያ የተደረደረው የአዲስ ስንዴ ሽታ ነው። ሁለተኛው ማታ ማታ ከአልጋችን ሥር የሚመጣ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል ሽታ ነበር። እሱም የስንዴው የራሱ ሽታ ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ ያወቅሁት በ1991 ዓ.ም.፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ነው። የነገሩኝም አያቴ "የመርዝ ሐኪሙ" ብላ ስም ያወጣችላቸው እንግዳ ናቸው።

ወደ ቀበሌያችን የመጡት ለእኛ ብለው አልነበረም። ከሰፈራችን በላይ አንድ የቆየ መጋዘን ነበር፤ ቆርቆሮው የዛገ፣ በሩ በሽቦ የታሰረ። ውስጡ ማን መቼ እንዳስቀመጣቸው የሰፈር ሰው የማያስታውሳቸው የጸረ ተባይ በርሜሎች ተደርድረዋል። አንዳንዶቹ ከሥራቸው በስብሰው ፈሳሹ ወለሉ ላይ ፈስሶ ደርቋል። እኛ ልጆች ኳሳችን በግድግዳው ቀዳዳ ሲገባብን ተሽሎክሉከን ገብተን እናወጣ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የመንግሥት ላንድክሩዘር መጥቶ መጋዘኑ ፊት ሲቆም ግማሹ ሰፈር ተሰበሰበ፤ ልጅ የተባለ ሁሉ ከፊት ነው።

ከመኪናው የወረዱት ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ ጎልማሳ ነበሩ። በሩን ከማስከፈታቸው በፊት ከመሬት ጥቂት ገለባ አነሡ፤ በጣታቸው አሽተው ወደ ላይ በተኑት። ገለባው ወደ እኛ ነፈሰ። ወዲያው ዞረው "ልጆች፣ ኑ፣ እዚህ ጋ ቁሙ" አሉና ሁላችንንም ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን አሻገሩን። ከዚያ በኋላ ነው ጓንታቸውን ያጠለቁት፣ አፍና አፍንጫቸውን የሸፈኑት። ከራሳቸው በፊት እኛን ማሻገራቸውን ያን ቀን ልብ አላልኩም። ዛሬ ግን ስለ እሳቸው ሳስብ መጀመሪያ ፊቴ የሚመጣው ያ የተበተነ ገለባ ነው።

ሳድግ እንዳወቅሁት መጋዘናችን ብቻውን አልነበረም። በዚያ ዘመን በአገራችን ጊዜው ያለፈበት ከ3000 ቶን በላይ ጸረ ተባይ በየቦታው ተከማችቶ ነበር፤ ለአንበጣ፣ ለተምች፣ ለወባ ትንኝ ተብሎ በግዢም በእርዳታም ገብቶ የተረፈ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ብዙው እየታሸገ ወደ ፊንላንድ ተጭኖ በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠል ተደርጓል። ከዚያ በፊት ግን በየወረዳው ዞሮ የቱ በርሜል ምን እንደያዘ የሚጽፍ፣ በአጠገቡ ማን እንደሚኖርና ውኃው በየት በኩል እንደሚወርድ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። እሳቸው ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነበሩ።

ማምሻውን ሊሄዱ ሲሉ የመኪናው ጎማ ፈነዳ። ትርፍ የተባለውም የማይረባ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ጎማውን ይዞ በጋሪ ወደ ሆሳዕና ሲወርድ እንግዳው በረንዳችን ላይ ቀሩ። አያቴ በሀዲይኛ "መሽቶበት የመጣን ሰው ከደጅ አያቆሙትም፤ አስገባው" አለችኝ። አማርኛ የምሞክረው ከቤቱ እኔ ነበርኩ፤ አባቴ ለሥራ ርቆ ሄዷል፣ እናቴ የምትችለው የገበያ አማርኛ ነው። ስለዚህ ያን ሌሊት አስተርጓሚ ሆኜ አመሸሁ። የሕይወቴ የመጀመሪያ ሥራ ያ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እንግዳው ግን ግቡ ሲባሉ አልገቡም። ውኃና ሳሙና ለመኑ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ ሸሚዛቸውን ደጅ አውልቀው በፌስታል ቋጠሩና ከቦርሳቸው ሌላ ለበሱ፤ ጫማቸውንም ከደጅ ተዉት። አያቴ ቅር አላት፤ ቤቷ የተናቀ መሰላት። ይህንን ስነግራቸው ወደ እሷ ዞረው ዝቅ አሉ። "እማማ፣ ቤትዎን ንቄ አይደለም። ልብሴ ላይ ያለውን ይዤ ልጆችዎ መሃል እንዳልገባ ብዬ ነው" አሉ። ተረጎምኩላት። ትንሽ ዝም አለችና "ሙያው ምንድን ነው? ጠይቀው" አለች።

"ቶክሲኮሎጂስት ነኝ" አሉኝ። ፊቴን አይተው ሣቅ አሉና አስፋፉልኝ። "ሰው የበላው፣ የጠጣው ወይም የተነፈሰው ነገር ጎድቶት እንደሆነ አጣራለሁ። ከጎዳውም ምኑ፣ ስንቱ፣ እንዴት አድርጎ እንደጎዳው እፈልጋለሁ።"

ይህንን ሁሉ ወደ ሀዲይኛ ለማዞር ስታገል አያቴ ቀደመችኝ። "መርዝ የሚያክም ነው በለኛ!" የመርዝ ሐኪም የሚለው ስም ከዚያ ወጣ፤ ሰፈሩም በዚያው ተቀበለው።

አታካና ተሠራላቸው። ቡላው በቅቤና በወተት ሲበስል የሚያወጣውን ሽታ የሚያውቅ ሰው ለእንግዳ የተሰጠውን ክብር ያውቃል። እሳቸውም እየደጋገሙ አመሰገኑ። እየበሉም ጥያቄያቸው አላቋረጠም፤ ግን ጥያቄው እንደ ቆጠራ ሠራተኛ ጥያቄ አይደለም፤ እንደ ዘመድ ጨዋታ ነው። አባቴ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ እርሻ ላይ ነው አልኳቸው። "ስንት ዓመት ሆነው?" "አራት።" "የሚጠጣው ውኃ የጉድጓድ ነው የወንዝ?" አላወቅሁም። "ሲመጣ አንገቱን እንደልቡ ያዞራል? ጎንበስ ሲል ወገቡን አያመውም?" አያመውም አልኩ። ያኔ ጥያቄው ግር ብሎኝ ነበር። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የበዛበት መሆኑን፣ በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም ሲያልፍ እዚያ የሚያድጉ ልጆችን ጥርስ እንደሚያበልዝ፣ መጠኑ እየጨመረ ዓመቱም እየረዘመ ሲሄድ ደግሞ አጥንትን እንደሚያደርቅ የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ ነው። አታካና እየበሉ የማያውቁትን የአባቴን አጥንት ይመረምሩ ነበር።

ቡና ሲፈላ ዓይናቸው ወደ ማገሩ ሄደ። እዚያ ሦስት የለስላሳ ጠርሙሶች በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፈው ተሰክተዋል። "ያ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"መድኃኒት።"

"የምን መድኃኒት?"

አያቴን ጠየቅሁ። አንደኛው ላምባ ነው። ሁለተኛው ለከብት ቁስል የሚቀባ ነው። ሦስተኛው ከገበያ በጠርሙስ ተቀድቶ የተገዛ፣ ለባቄላው ተባይ የተረፈ ማላታይን ነበር። ሦስቱም አንድ ዓይነት ጠርሙስ፣ አንድ ዓይነት ውታፍ። ታናሽ እህቴ ደግሞ ያን ጊዜ የሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ለስላሳ ያየችው በሰርግ አንድ ጊዜ ነው፤ ጣዕሙንም አልረሳችውም። እንግዳው ጠርሙሱን አዩ፤ እህቴን አዩ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ለእኔ ብቻ ቀስ ብለው የተናገሩት ግን በጆሮዬ ቀርቷል። "በአገራችን የሚያድነውንም የሚገድለውንም መድኃኒት ነው የምንለው፤ የአረም መድኃኒት፣ የአይጥ መድኃኒት፣ የራስ ምታት መድኃኒት። ስለዚህ ሰው 'መድኃኒት ነው' ሲልህ ገና አልመለሰልህም። የምን? ስንት? ለማን? ብለህ ጨምር።"

አያቴ ማንበብ አትችልም፤ ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ ቢለጠፍ ለእሷ ምንም ነው። እንግዳው ይህ ገብቷቸው "እማማ፣ ይህንን ከሌላው በምን ይለዩታል?" አሏት። አሰበችበት። ከዚያ ከስፌት ዕቃዋ ቀይ ክር መዝዛ የማላታይኑ ጠርሙስ አንገት ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥማ ቋጠረችው። እሳቸውም ጠርሙሱን ከቤት አውጥተው ልጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ከምግብም ከላምባም ርቆ እንዲቀመጥ አደረጉ። ሲያልቅ ደግሞ ፕላስቲክ ከሆነ ሥሩን በሚስማር መብሳት፣ ብርጭቆ ከሆነ መስበርና መቅበር እንጂ ለውኃም ለዘይትም መልሶ ማዋል እንደማይገባ ነገሯት። የቀዩን ክር ሐሳብ ያመነጨችው እሷ ናት። እሳቸው የጠየቁት ጥያቄ ብቻ ነው።

ልንተኛ ስንል ያ የነጭ ሽንኩርት ሽታ መጣ። እንግዳው ከተቀመጡበት ተነሡ። "ይህ ሽታ ከየት ነው?" የስንዴው ነው አልኳቸው። በባትሪ አልጋው ሥር ሲያዩ ጆንያዎቹ መሃል በጨርቅ የተቋጠረ ክኒን አገኙ፤ እናቴ ለነቀዝ ብላ ከገበያ ያመጣችው ነው። ፊታቸው ተለወጠ። በሩንና መስኮቱን አስከፍተው ሁላችንንም ወደ ደጅ አወጡን። ኅዳር በሌሞ ብርድ ነው፤ ጋቢና ቡልኮ ተከናንበን ከዋክብቱ ሥር ስንቆም አስረዱን። ክኒኑ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይተፋል። ሦስት ግራም የምትመዝን አንዲት ክኒን አንድ ግራም ጋዝ ታወጣለች። ነቀዙን የሚገድለው ያ ጋዝ ነው፤ ግን ነቀዝንና ሕፃንን ለይቶ አያውቅም። ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ጋዙ የሚሠራው ሰው በማያድርበት፣ አየር በማያስገባና በታሸገ ጎተራ ውስጥ ነው።

እናቴ እህቴን አቅፋ ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "በየኅዳሩ ጠዋት ጠዋት የሚያስታውካት፣ ራሴን የምትለው እሱ ይሆን? ጠይቅልኝ" አለችኝ። እኛ ምች ነው ብለን ዳማከሴ እየጨመቅን እናጠጣት ነበር። እንግዳው "እሱ ነው" ብለው አልፈረዱም። ስንት ቀን እንደሚቆይባት፣ ደጅ ስትውል ይሻላት እንደሆነ፣ ሌሎቻችንንም ያመን እንደሆነ ጠየቁ። ሁሉንም ከሰሙ በኋላ "ሊሆን ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ማንም ከዚህ ስንዴ ጋር አይደር" አሉ። ያን ሌሊት እሳቸውን ጨምሮ ሁላችንም አጎቴ ቤት ተደራርበን አደርን። በሚቀጥለው ኅዳር ስንዴው ለብቻው በተሠራ ጎተራ ገባ። እህቴንም ያን ዓመት አላስታወካትም።

ጠዋት ሾፌሩ እስኪመለስ ከአያቴ ጋር ሌላ ወሬ ተጀመረ። አያቴ በሰፈሩ ኮሶ የምትለካ ሴት ነበረች። ያሆዴ ሲደርስ፣ መስቀል ሲመጣ፣ ጥሬ ሥጋ በዳጣ ከተበላ ከወራት በኋላ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። የደረቀውን የኮሶ አበባ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ በውኃ በጥብጣ በጠዋት ባዶ ሆድ ታጠጣለች። የመርዝ ሐኪሙ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ።

"እማማ፣ ስንት ሲኒ ነው?"

"አንድ ሲኒ። ግን እንደ ሰውየው ነው" አለች፤ እኔም ተረጎምኩ። "ለከሳ ሰው ከአፉ ጎደል አደርገዋለሁ።"

"ለልጅስ?"

"ለልጅ አልሰጥም። ለእርጉዝም ለአራስም አልሰጥም።"

"ካልወጣለትና ድገሚልኝ ካለስ?"

አያቴ ፊቷን ቋጠረች። "በበነጋው አልደግምም። ጠጥቶ ዓይኔ ጨለመብኝ፣ ጭጋግ አየሁ ያለኝን ሰው ደግሞ እስከ ዕድሜ ልኩ አልሰጠውም።"

እንግዳው ሲኒዋን እንድታሳያቸው ለመኑ። ጆሮ የሌላት፣ አፏ ላይ ትንሽ የተሸረፈች ነጭ ሲኒ ነበረች። ውኃ ሞሉባት፤ ከቦርሳቸው መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አውጥተው ውኃውን እየሳቡ ለኩ። ከዚያ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተራቸውን ከፍተው ጻፉ። አያቴ ገረማት። "የአንዲት ባልቴት ሲኒ ምን ይጻፋል?" አለች። "ልኩን የሚያውቅ ሰው ሳገኝ እጽፋለሁ" አሉ። ይህንን ለመተርጎም ጊዜ አልወሰደብኝም።

ከሰባት ዓመት በኋላ ሆሳዕና ላይ የጤና ትምህርት ጀመርኩ። ለምን ያንን መረጥክ ሲሉኝ ብዙ መልስ ሰጥቻለሁ፤ እውነተኛው መልስ ግን ያ ገለባና ያቺ ሲኒ ናቸው። በተግባር ልምምድ ላይ ሳለሁ አንድ ከሰዓት አንድ ወጣት ገበሬ በቃሬዛ መጣ። ላብ አጥምቆታል፤ ምራቁ ይዝረበረባል፤ እንባው ይወርዳል፤ ደረቱ እንደ ሺሻ ይንተከተካል። ቤተሰቡ ግማሹ የሚጥል በሽታ ነው፣ ግማሹ ቡዳ በልቶት ነው ይላል። የዓይኑን ሽፋን ገለጥ ሳደርግ ብሌኑ ጠብቦ የጤፍ ፍሬ አክሏል።

"ዛሬ ምን ሲሠራ ዋለ?" አልኩ። ሲረጭ ዋለ አሉ። "ምን?" "መድኃኒት።" ልቤ ዘለለ። "የምን መድኃኒት? ስንት ታንከር ረጨ? ነፋሱ ወዴት ነበር? ዕቃውን አምጡልኝ!" ወንድሙ ሮጦ አመጣው። በጀርባው የሚያዝለው መርጫ እየፈሰሰ ሸሚዙን ሲያረጥበው ውሏል። ኦርጋኖፎስፌት የሚባለው የጸረ ተባይ ወገን ነበር። ይህ መርዝ የነርቭን መልእክት የሚያቆመውን ኮሊንስትሬዝ የተባለ ኢንዛይም ስለሚያስር ሰውነት በውስጡ ያለውን ፈሳሽ ሁሉ ወደ ውጭ ይለቃል፤ ሰውየውም በገዛ ሳንባው ፈሳሽ ይሰምጣል። ሐኪሙ አትሮፒን አዘዘ። ልብሱን አውልቀን በሳሙና አጠብነው። አትሮፒኑ ሳንባው እስኪደርቅ ድረስ እየተደጋገመ ተሰጠው። ሌሊቱን አብሬው አደርኩ። ሊነጋጋ ሲል ውኃ ለመነ። በሕይወቴ እንደዚያ ጆሮዬን ደስ ያሰኘ ልመና አልሰማሁም።

የመርዝ ሐኪሙን እንደገና ያገኘኋቸው በ2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። ለአጭር ሥልጠና ፓስተር ተላክሁ። ሰዉ እስከ ዛሬ ፓስተር የሚለው ያ ግቢ ያኔ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የጤና ምርምሩ፣ የሥነ ምግቡና የባህል መድኃኒቱ ተቋማት ተዋሕደው የተመሠረተ ነው። አሁን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል። ኮሪደሩ ላይ ያንን ቀጭን ቁመት ሳይ እግሬ ቆመ። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ መነጽራቸው ወፍሯል። "ጋሼ፣ እኔ የሌሞው አስተርጓሚ ነኝ" አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና "ቀይ ክር!" አሉ። አቀፉኝ።

ያን ሳምንት ከሥልጠናው በኋላ እየቆየሁ አጠገባቸው ሆኜ ሥራቸውን አየሁ። ከሩቅ ወረዳ የመጣ ናሙና ሲረከቡ ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ዕቃው ብርጭቆ መሆኑን፣ ማኅተሙ አለመነካቱን፣ በረዶው አለመቅለጡን ያያሉ። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ የሚናገረውን ወረቀት ፊርማ በፊርማ ይከተላሉ። አንዲት ፊርማ ከጎደለች ስልክ ያነሣሉ። ከዚያ ነው ወደ መሣሪያው የሚሄዱት። "ማሽኑ ጎበዝ ነው፤ ግን የጠየቅኸውን ብቻ ነው የሚመልስልህ" ይሉኝ ነበር። "የሚጠየቀውን የምታገኘው እዚህ አይደለም። እናቶች ጓዳ ነው።"

ይህንን ሲሉ በምሳሌ ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወሎ ውስጥ፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ አርሲ ውስጥ ሰዎች እግራቸው እየጠቆረ፣ ጣታቸው እየደረቀ ሲወድቅ ምክንያቱ የተገኘው ከእህሉ ነው። ኧርጎት የሚባል ፈንገስ በወሎ ሲናሩን፣ በአርሲ ገብሱን ይዞት ነበር፤ ጥቁር ሆኖ ከፍሬው ጋር አብሮ ይወቃል፣ አብሮ ይፈጫል። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሆድ እያበጠ ጉበት ሲጎዳ፣ ሕፃን ሳይቀር ሲያልቅ፣ ሕዝቡ እርግማን መሰለው። የእኛው ተቋምና የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ዓመታት የፈጀ ምርመራ አድርገው ምልክቱን ከእህል ጋር ተቀላቅሎ የሚገባ ኤጄራተም የተባለ አረም ውስጥ ካለ የጉበት መርዝ ጋር አገናኙት። የጓያውንም ነገር አነሡልኝ። ድርቅ ሲመጣ ከሁሉ እህል የሚተርፈው ጓያ ነው፤ ድሃው ለሁለት ለሦስት ወር እሱን ብቻ ሲበላ ጉልበቱ ይታሰራል፤ የታሰረ ጉልበት ደግሞ አይፈታም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ያንን ሕመምና የስምጥ ሸለቆውን ፍሎራይድ በማጥናት የደከሙትን ድካም ሲያወሩልኝ ድምፃቸው ይለሰልሳል።

ከሁሉ በላይ የሚወዱት ግን የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተሩ አድዋ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች የሞተ ቀንድ አውጣ ተንሳፍፎ አዩ። የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ነው። ከዚያ እይታ አንድ ታላቅ ምርምር ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ግን እንዶድን በስፋት ለመጠቀም ለሰውና ለአካባቢ ደኅና ስለመሆኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሠራ የመርዛማነት ጥናት አምጡ ተባለ፤ ያም ብዙ ዓመት ፈጀ። "የእኔ ሙያ ያን ጊዜ በአገራችን እንደሚገባ ቢቆም ኖሮ እንዶዱ ያን ያህል ባልጠበቀ" አሉ የመርዝ ሐኪሙ። ቁጭታቸው የራሳቸው ዕዳ ያህል ነበር።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት መሳቢያቸውን ከፍተው ያንን ጥቁር ደብተር አወጡ። ጠርዙ ተበልቷል፤ ውስጡ በመስመር ተከፋፍሏል፤ ቦታ፣ ቀን፣ ዕፁ፣ ልኩ፣ ማስጠንቀቂያው፣ የነገረኝ ሰው ሙያ። በጣታቸው ወርደው አሳዩኝ። ሌሞ፣ ኅዳር 1991። ኮሶ። አንድ ሲኒ፣ 70 ሚሊ ሊትር፤ ለከሳ ሰው ከአፉ ጎደል። ለልጅ፣ ለእርጉዝ፣ ለአራስ የለም። በበነጋው አይደገምም። ዓይኔ ጨለመ ያለ ዳግመኛ አይጠጣም።

"ኮሶ ሲበዛ የዓይን ነርቭ እንደሚጎዳ በሕክምና መጽሔት አንብቤ ያረጋገጥኩት ከእሷ ከሰማሁ በኋላ ነው" አሉኝ።

ዓይኔ ግን ወደ መጨረሻው አምድ ሄዷል። በሌሎቹ መስመሮች ላይ ገበሬ፣ መነኩሴ፣ ነርስ፣ የባህል ሐኪም የሚል አለ። ከአያቴ ፊት ለፊት የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ ባለሙያ። ወጥ ለምታጣፍጥ፣ ቤቷን ለያዘች ሴትም ባለሙያ እንላለን፤ መሥሪያ ቤትም በወንበሩ ላለው ሰው ባለሙያ ይላል። እሳቸው የትኛውን እንዳሰቡ አልጠየቅኋቸውም። አያቴ ሁለቱንም ነበረች።

ከሥልጠናው ተመልሼ ሌሞ ስገባ አያቴ ምድጃ ዳር ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ይሰማል። ደብተሩ ላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ ወደ ሀዲይኛ እያዞርኩ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። የምትደሰት፣ የምትመርቅ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ግንባሯን ቋጠረች።

"የዚያን ጊዜዋን ሲኒ ነው የጻፈው?"

"አዎ።"

"እሷ እኮ ተሰብራለች። አሁን የምለካው በዚህኛው ነው" ብላ ከአጠገቧ አንድ ሲኒ አነሣች፤ እውነትም ጠለቅ ያለ ነበር። "ይኼኛው ይበልጣል፤ እስከ አፉ አልሞላውም፤ እዚህ ጋ ነው የማቆመው።" በአውራ ጣቷ ጥፍር ከአፉ ዝቅ ብሎ ያለውን መስመር አሳየችኝ። "ንገረው። ሰው አንብቦት እንዳይሳሳት።"

በዚያው ማታ ኮረብታው ላይ ወጥቼ፣ ኔትወርክ በሚገኝበት ቦታ ቆሜ ደወልኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያ የወረቀት ድምፅ ሰማሁ፤ ደብተሩን ቤታቸው ይዘው ገብተዋል ማለት ነው።

"እሺ፣ እየጻፍኩ ነው" አሉኝ። "ከአፉ ምን ያህል ዝቅ ብሎ?"